ሁለተኛው ፍላጻ

(በአንድ የንባብ ማኅበር የቅዳሜ ማታ ዝግጅት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ገልብጬ፣ ብዙም ሳልነካካው ነው የለጠፍኩት።)

እንደምን አመሻችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ለዛሬው ርዕስ መሬት ላይ መቀመጥ እንዲያውም ይሄዳል።

ውድ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ቡድሂዝም እንደማወራ የሰማች አንዲት ጓደኛዬ "ምነው፣ ልትቀይሪን ነው እንዴ?" አለችኝ። አይደለም። እኔ ዛሬም እሑድ እሑድ የማስቀድስ ሰው ነኝ፤ የማንንም እምነት ልነቀንቅ አልመጣሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበትን ትምህርት፣ ያውም ሁለት ሺህ ዓመት አልፎት የቆየውን፣ ምን እንደሚል እንኳ ሳንሰማ "ጣዖት ነው" ብለን በሩን ብንዘጋው ማን ነው የሚቀርበት? እነሱ? እነሱ ምንም አይቀርባቸውም።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ሰውየው ማን ነበር? ሁለተኛ፣ ምን አስተማረ? እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፣ ታገሡኝ። ሦስተኛ፣ ተከታዮቹ ትምህርቱን ምን አደረጉት? ከዚያ ጥያቄ።

በቅድሚያ ግን ያን ሆዱ የተነፋ፣ የሚስቅ ሐውልት ከአእምሯችሁ አውጡልኝ። አውቃችሁታል አይደል? ሱቅ ውስጥ፣ ማሳጅ ቤት ውስጥ፣ የሰው መኪና ላይ ተለጥፎ የምታዩት። እሱ የዛሬው ሰውዬ አይደለም። ቡዳይ የሚባል፣ በ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ ቻይና ውስጥ ኖረ የሚባል መነኩሴ ነው። የእኛው ሰውዬ እንኳን ሆዱ ሊነፋ፣ በአንድ ወቅት ከጾም ብዛት ሆዱን ሲዳስስ የጀርባ አጥንቱ እጁ ላይ ይገባ ነበር ብለው ነው የጥንቶቹ መጻሕፍት የሚተርኩት።

እሺ፣ አንደኛው።

ቡድሃ የምንለው ሰው ስሙ ሲድሃርታ ጋውታማ ይባላል። ዛሬ ኔፓል በምንላት አገር፣ ሉምቢኒ በሚባል ቦታ፣ ከሻክያ ጎሳ ተወለደ። ብዙዎቹ ምሁራን ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ያደርጉታል። ቦታው ደግሞ ዝም ብሎ ተረት አይደለም። አሾካ የሚባለው የሕንድ ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት "ቡድሃ የተወለደው እዚህ ነው" ብሎ ያስቀረጸው የድንጋይ ዓምድ አለ። ተረስቶ ኖሮ በ1896 እ.ኤ.አ. እንደገና ተገኘ፤ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

እናቱ ማያ በወለደችው በሰባተኛው ቀን ሞተች። ያሳደገችው የእናቱ እህት ማሃፓጃፓቲ ናት። ይህችን አክስት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። ለአባቱ ጠቢባን "ይህ ልጅ ወይ ታላቅ ንጉሥ ይሆናል ወይ ታላቅ መናኝ" አሉት ይባላል። አባት ምን ይመርጣል? ንጉሥ ነዋ! ስለዚህ ልጁ ክፉ ነገር እንዳያይ በቤተ መንግሥት አጥሮ አሳደገው። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጣ። ሽማግሌ አየ። በሽተኛ አየ። ሬሳ አየ። በመጨረሻ የረጋ ፊት ያለው አንድ መናኝ አየ። በ29 ዓመቱ፣ ሚስቱ ያሶድሃራና ሕፃኑ ራሁላ እንደተኙ፣ በሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ሴቶች ስትንሾካሾኩ ይሰማኛል። ገባኝ። ሚስቱስ? ልጁስ? በኋላ ልጁም መነኮሰ፣ እሷም መነኮሰች ይላል ትውፊቱ። ያ ግን ያን ሌሊት አያስተካክለውም፤ እኔ በበኩሌ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ንጉሥ አባት፣ ሞትና በሽታ እንዳያይ የታጠረ ልዑል፣ ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ የደነገጠ፣ ዙፋን ትቶ የመነነ። ይህን ታሪክ አባቶቻችን ያነቡት ነበር! በግእዝ! "በረላም ወይዋስፍ" የሚባለው መጽሐፍ ነው። የቡድሃ ታሪክ ከሕንድ ወጥቶ በመካከለኛው እስያ አድርጎ ወደ ዓረብኛ ገባ። በመንገዱ ላይ ክርስቲያናዊ ሆነ። ልዑሉ በረላም በሚባል መናኝ ተሰብኮ ክርስቲያን የሚሆን ሆኖ ተጻፈ፤ በጆርጂያኛ፣ በግሪክኛ፣ በላቲን ተዳረሰ። ወደ ግእዝ ከዓረብኛ የመለሰው እጨጌ ዕንባቆም ነው፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት። ራሱም ከየመን መጥቶ እዚህ የተጠመቀና የደብረ ሊባኖስ አለቃ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበር። የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያንም በረላምንና ልዑሉን በቅዱሳን ዝርዝሯ ውስጥ አስገብታ ስታስባቸው ኖራለች። የታሪኩ ሥር ቡድሃ መሆኑን ለረጅም ዘመን ማንም ልብ አላለውም። እንግዲህ "እኛ ከዚህ ትምህርት ጋር ምን አገናኘን" የምትሉ፣ መልሱ ገዳም መጻሕፍት ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። 6 ዓመት ራሱን አስጨነቀ። የጾመው ጾም ያ የነገርኳችሁ የጀርባ አጥንት ጾም ነው። አልሆነለትም። ቤተ መንግሥቱም አላጠገበውም፣ ረሃቡም አላበራለትም። ስለዚህ ሱጃታ የምትባል ሴት የሰጠችውን በወተት የተሠራ ሩዝ በላ። አብረውት የነበሩ አምስት መናኞች "ይሄ ሰውዬ ሆዳም ሆነ" ብለው ጥለውት ሄዱ። እሱ ቦድ ጋያ በምትባል ቦታ፣ ዛሬ ቢሃር በሚባለው የሕንድ ግዛት፣ ከዋርካና ከሾላ ወገን በሆነ ዛፍ ሥር ቁጭ አለ። እዚያ ነው "በራልኝ" ያለው። 35 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ያኮረፉትን አምስቱን ፍለጋ ሄደ። ቫራናሲ አጠገብ ሳርናት በሚባል የአጋዘን መናፈሻ አገኛቸውና የመጀመሪያውን ትምህርት ለእነሱ አስተማረ። ከዚያ 45 ዓመት በእግሩ እየዞረ አስተምሮ በ80 ዓመቱ ኩሺናጋር ላይ አረፈ።

ሁለተኛው። ምን አስተማረ?

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው "ዓለምን ማን ፈጠረ?" ከሚለው ጥያቄ አልጀመረም። ሲጠይቁትም ዝም ይላል። በመርዝ ፍላጻ የተወጋ ሰው "የወጋኝ ሰው ረጅም ነው አጭር? ከየትኛው ጎሳ ነው? ላባው የየትኛው ወፍ ነው? ይህን ካላወቅኩ ፍላጻው አይነቀልም" ቢል መልሱ ሳይመጣለት ይሞታል ነው ያለው። የእሱ ጥያቄ አንድ ነው። ለምን ያመናል? እንዴት ይድናል? ሐኪም ነው የሚመስለው፤ በሽታውን ይነግርሃል፣ መንስኤውን ይነግርሃል፣ መዳን ይቻላል ይልሃል፣ መድኃኒቱን ያዝልሃል። አራቱ ክቡር እውነቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ሕይወት ውስጥ ዱክሃ አለ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ሕይወት ስቃይ ናት" ብሎ ይተረጉመውና ቡድሂስት ማለት ፊቱን ያጠቆረ ሰው ይመስለዋል። እሱ ያለው ከዚያ ሰፋ ያለ ነው። ሕመም አለ፤ ይህ ግልጽ ነው። ደስታም ራሱ አይቆይም፤ በመሄዱ ያመናል። ሌላው የሕይወት መሠረቱ ራሱ የማይረጋ መሆኑ ነው። እስቲ ኮንዶሚኒየም የወጣለት ሰው ታውቃላችሁ? የወጣለት ዕለት እልልታ ነው፣ ስልክ ነው፣ ዘመድ ነው። ከዓመት በኋላ ያንኑ ሰው አግኙት። "ውሃ የለም፣ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጎረቤቱ ይረብሻል፣ ያኛው ሳይት በሆነልኝ።" ቤቱ ያው ነው። ምን ተለወጠ?

ሁለተኛው እውነት መንስኤውን ይናገራል። ጥማት ነው ይላል። የማይረካ ጥማት፣ ሙጥኝ ማለት። የደስታ ጥማት አለ፤ ይጣፍጠኝ፣ ይመቸኝ። ሌላ ሰው የመሆን ጥማት አለ፤ ትልቅ ልባል፣ ልታወቅ። ሦስተኛውን ብዙዎቻችን አናስተውለውም፤ የማስወገድ ጥማት ነው። ይህ ስሜት ይጥፋልኝ፣ ይህ ሰው ከፊቴ ይጥፋ፣ እኔም ልጥፋ። ራስን መጥላትን እንኳ ከጥማት መድቦታል። ይገርመኛል ይሄ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። እዚያ ሳለሁ እናቴ አረፈች። የስደት መርዶ እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ከሥራ እስክወጣ ጠብቀው፣ ተሰብስበው ክፍሌ ሲገቡ፣ አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ፊታቸውን አይቼ ወደቅሁ። ለቅሶው ለቅሶ ነው። አለቀስን። ልጆቹ ምግብ እያመጡ፣ ቡና እያፈሉ አስተዛዘኑኝ፤ ይህን ውለታ አልረሳም። ከዚያ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እኔም ተመለስኩ፣ ሌሊት ሌሊት ሌላ ነገር ጀመረኝ። "ፈቃድ ወስጄ ብሄድ ኖሮ። ያን ቀን ስትደውል ባነሳው ኖሮ። እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? አገር ቤት ሰው ምን ይለኛል? ብሩን ልኬ ልኬ ሬሳዋን እንኳ አላየሁ።" ይሄው ነው ሌሊቱን ሙሉ። ይነጋል፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ይመሻል፣ እንደገና።

ክፍል የምትጋራኝ አንዲት የስሪላንካ ልጅ ነበረች። አንድ ሌሊት ተነሥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚያች በተቀላቀለች ዓረብኛና እንግሊዝኛችን እንዲህ አለችኝ፦ "እናትሽ መሞቷ አንደኛው ፍላጻ ነው። እሱን ማንም አያስቀርልሽም። ሌሊት ሌሊት የሚወጋሽ ግን ሁለተኛው ነው። ሁለተኛውን ማን ወረወረው?"

እውነቱን ልናገር? ተናደድኩ። እናቴ ሞታ ስለ ፍላጻ ታወራልኛለች! ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ። ነገሩ ግን አልወጣልኝም። በኋላ ነው ይህ የእሷ ሳይሆን የቡድሃ ትምህርት መሆኑን ያወቅኩት። ያልተማረን ሰው ሕመም ሲነካው ሁለት ፍላጻ ይወጋዋል፤ አንዱ የሥጋ፣ አንዱ የልብ። የተማረን ሰው አንዱ ብቻ ይወጋዋል። ልብ አድርጉልኝ፣ "የተማረ ሰው አያመውም" አላለም። ያመዋል! አንዱ ይወጋዋል! እናትን ማልቀስ አንደኛው ነው። "እኔ የተረገምኩ ልጅ ነኝ" ማለት ሁለተኛው ነው። እኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነው የምይዘው፤ ዛሬ እዚህ የመጣሁትም ይህን ልነግራችሁ ነው።

እንቀጥል። ሦስተኛው እውነት፣ ይህ ጥማት ሊጠፋ ይችላል ይላል። ኒርቫና የሚባለው ያ ነው። መንግሥተ ሰማያት አይደለም፣ ቦታም አይደለም። ሦስት እሳቶች አሉ ይላል ቡድሃ፤ ስግብግብነት፣ ጥላቻና አለማስተዋል። የእነሱ መጥፋት ነው።

አራተኛው መንገዱ ነው። ስምንት ክፍል አለው። ትክክለኛ አመለካከት፣ ትክክለኛ ሐሳብ፣ ትክክለኛ ንግግር፣ ትክክለኛ ተግባር፣ ትክክለኛ መተዳደሪያ፣ ትክክለኛ ጥረት፣ ትክክለኛ ማስተዋል፣ ትክክለኛ ተመስጦ። አትጻፉት፣ ፈተና የለም። ሁለቱ ላይ ብቻ ልቁም።

ንግግር። አራት ነገር ተዉ ይላል። ውሸትን፣ ሰውን ከሰው የሚያጣላ ነገር ማመላለስን፣ የሚያቆስል ቃልን፣ እና ፍሬ የሌለው ወሬን። እስቲ ስልካችሁን አውጡና የዛሬውን የቴሌግራም ግሩፓችሁን አንብቡ። አራቱን ብናወጣለት ምን ይቀራል? "እንደምን አደራችሁ" ብቻ ይቀራል!

መተዳደሪያ። ምእመናን እንዳይነግዱባቸው የተባሉ አምስት ነገሮች አሉ፤ የጦር መሣሪያ፣ ሕያው ፍጡር፣ ሥጋ፣ የሚያሰክር ነገር፣ መርዝ። ሕያው ፍጡር ሲባል ሰውን መሸጥም ውስጥ አለበት። ከስንት ዘመን በፊት እንደተባለ አስቡት፤ ዛሬም ድረስ ሰው በሰው ይነግዳል። በዓረብ አገር የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ምንም አልጨምርም።

ተመስጦውን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። በአሁኑ ጊዜ ማይንድፉልነስ እየተባለ በየስልኩ አፕ ላይ ይሸጣል። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕመምተኞች የጭንቀት መቀነሻ አድርጎ አቀናጀው፣ ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳረሰ። ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ግን ቡድሃ ትንፋሽህን ተከታተል ያለው ከአትግደል፣ ከአትስረቅ፣ ከአታመንዝር፣ ከአትዋሽ፣ ከአትስከር ጋር ነው። አምስቱን ትቶ ትንፋሹን ብቻ የያዘ ሰው የሚሆነው ምንድነው? የተረጋጋ ሌባ!

ሳቃችሁን ጨርሱ፣ ከባዱ ገና ነው።

ሁሉ ነገር ያልፋል ይላል። እኛም እንላለን አይደል? ሲከፋን "ይህም ያልፋል" እንባባላለን። ሠርግ ላይ ግን ማን ይላል? እነሱ ለደስታውም ይሉታል። አንድ ጊዜ ከዚያች የስሪላንካ ልጅ ጋር አገሯ ሄጄ አኑራድሃፑራ የምትባል ከተማ ወሰደችኝ። የአሾካ ልጅ ሳንጋሚታ ቡድሃ ከተቀመጠበት ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥታ አስተክላዋለች የሚባል ዛፍ እዚያ አለ፤ ከ2,200 ዓመት በላይ ሲጠበቅ፣ ሲታጠር፣ በድጋፍ ሲቆም የኖረ ዛፍ። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ ጫማ ውጭ ይወልቃል፣ ባዶ እግር። ነጠላዬን ይዤ መጥቼ ብሆን ማንም አይለየኝም ነበር። አሸዋው ግን በፀሐይ ግሎ እግሬን ጠበሰኝ! አበባ ገዝታ ሰጠችኝና ምን እንደሚሉ ነገረችኝ። አበባውን ሲያቀርቡ "ይህ አበባ እንደሚጠወልግ ሥጋዬም እንዲሁ ወደ ጥፋት ይሄዳል" ይላሉ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር እየዘመረች ነው የምትለው። እኛ ልጆች ፊት ሞት አይነሣም፣ "ሂድ ውጭ ተጫወት" ነው።

ኪሳ ጎታሚ የምትባል እናት ነበረች። አንድ ልጇ ሞተባት። ሬሳውን አቅፋ "መድኃኒት ስጡኝ" እያለች ስትዞር ወደ ቡድሃ ላኳት። "እሺ፣ ሰናፍጭ አምጪልኝ፤ ግን ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ይሁን" አላት። ሰናፍጭ የሌለበት ቤት የለም። ሞት ያልገባበትም ቤት የለም። አንዱ "አባቴ" ይላታል፣ አንዷ "ልጄ" ትላታለች፣ ሌላው "ባሪያዬ" ይላል። ሲመሽ ልጇን ቀበረችና ተመለሰች። እኔን በዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ስብከት አለመስበኩ ነው። በየቤቱ አዞራት። እድር ያለበት አገር ሰው ይህ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ለቅሶ ቤት ከሚነገረው ቃል ይልቅ የሚመጣው ሰው ነው የሚያጽናናው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሬሳ ይዞ ነው የሚመጣው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከእኛ እምነት በግልጽ የሚለይበት ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። ቡድሃ የማትለወጥ፣ ዘላለማዊ "እኔ" የምትባል ነፍስ የለችም ይላል። ሰው ማለት አካል፣ ስሜት፣ መለየት፣ የልብ ዝንባሌና ንቃት፣ እነዚህ አምስቱ ተሰባስበው የሚፈሱበት ነው። ሚሊንዳ የሚባል የግሪክ ዘር ንጉሥ ናጋሴና የሚባለውን መነኩሴ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ሲሞግተው፣ መነኩሴው በምን መጣህ አለው። በሠረገላ። ሠረገላው መንኮራኩሩ ነው? አይደለም። ዘንጉ ነው? አይደለም። ቀንበሩ? አይደለም። ታዲያ ሠረገላው የታል? ሠረገላ ለተገጣጠሙት ነገሮች የሰጠነው ስም ነው፤ "እኔ" የሚለውም እንደዚያው። ፈጣሪ አምላክም በዚህ ትምህርት ውስጥ የለም። አማልክት በመጻሕፍቱ አሉ፣ ግን እነሱም ይሞታሉ። እኔ እዚህ ላይ አልከተለውም፤ አልከተለውም ማለት ግን አልገባኝም ማለት አይደለም።

ካርማንም አንድ ነገር ልበልበት። በኛ ፌስቡክ አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ "ካርማ!" ይሉታል፣ የእጁን አገኘ ለማለት። ቡድሃ ካርማ የሚለው ሐሳብን ነው፤ ሆን ብለህ የምታደርገውን፣ የምትናገረውን፣ የምታስበውን። ዕጣ ፈንታ አይደለም። እንዲያውም "የሚደርስብን ሁሉ ባለፈው ሥራችን ነው" የሚሉትን ተቃውሟል። ስለዚህ ድሀን አይቶ "የራሱ ካርማ ነው" የሚል ሰው ትምህርቱን አልያዘም።

ሦስተኛው ነጥብ። ሰዓት እየሄደ ነው፣ ፈጠን ልበል።

ንጉሥ አሾካ ካሊንጋ የምትባለውን አገር ወጋ። 100,000 ሰው እንደተገደለ፣ 150,000 እንደተጋዘ በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ራሱ ነው፤ ተጸጸትኩ ብሎ። ድል ያደረገ ንጉሥ ድሉን ተጸጽቶ ድንጋይ ላይ ሲጽፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ትምህርቱን እንዲያደርስ ልጁን ማሂንዳን ወደ ስሪላንካ ላከ። ከዚያ ትምህርቱ ተከፋፈለ። በስሪላንካ፣ በታይላንድ፣ በበርማ ያለው ቴራቫዳ፣ በቻይና፣ በኮሪያ፣ በጃፓን ያለው ማሃያና፣ በቲቤትና በቡታን ያለው ቫጅራያና ይባላል። ትምህርቱ በተጀመረበት በሕንድ ግን ደብዝዞ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. አምቤድካር፣ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው፣ "የማይነኩ" ከሚባሉት ወገን የተወለደው ሰው፣ ናግፑር ከተማ ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ወገኖቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ። ሰው በትውልዱ አይናቅም የሚል ትምህርት ፈልጎ ነው።

ግን አበባውን ብቻ አላሳያችሁም። የስሪላንካውን ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬን በ1959 እ.ኤ.አ. ተኩሶ የገደለው የቡድሃ መነኩሴ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ከ700,000 በላይ የሮሂንጋ ሙስሊሞች በርማን ጥለው ወደ ባንግላዴሽ ሲሸሹ፣ ጥላቻውን ሲሰብኩ ከነበሩት ውስጥ መነኮሳት ነበሩ። አትግደል ከሚል ትምህርት ይህ እንዴት ወጣ? አትጠይቁኝ። "አትግደል" የሚል መጽሐፍ በእጃችን ይዘን እኛስ?

ያቺን አክስት ያዙልኝ ብዬ ነበር። ያሳደገችው ማሃፓጃፓቲ ልመንኩስ ስትለው እምቢ አላት። ፀጉሯን ተላጭታ፣ በእግሯ ተጉዛ፣ እግሯ አብጦ፣ አቧራ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። አናንዳ የሚባለው ደቀ መዝሙሩ "ሴት መብራቱን ልታገኝ ትችላለች ወይስ አትችልም?" ብሎ አፋጠጠው። "ትችላለች" አለ። "ታዲያ?" እንደዚያ ነው የተፈቀደው፣ ያውም በተጨማሪ ሕግ ታስሮ። በስሪላንካ የሴቶቹ ምንኩስና ለብዙ መቶ ዓመታት ተቋርጦ ቆይቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው እንደገና የተጀመረው፤ እስካሁን የማይቀበሉት መነኮሳት አሉ። አናንዳን በጣም ነው የምወደው።

ጨርሻለሁ፣ ጥያቄ።

(ብዙ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ሁለቱን ብቻ ነው እዚህ የማስገባው። አንድ ወጣት "ፍላጎት ከጠፋ ማን ይሠራል? አገር እንዴት ያድጋል?" አለ።)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥማትና ጥረት ይለያያሉ። ሰውየው ራሱ 45 ዓመት ሙሉ ሲሠራ ነው የኖረው! ስምንቱ ውስጥ "ትክክለኛ ጥረት" የሚል እንዳለ ረሳኸው? ሶና የሚባል መነኩሴ ነበር፤ የሀብታም ልጅ፣ በገና ይደረድር የነበረ። በተመስጦ እየተመላለሰ ሲራመድ ከትጋት ብዛት እግሩ ደማ። "በቃ ልተወው፣ ቤቴ ልመለስ" አለ። ቡድሃ መጥቶ ጠየቀው፦ "የበገናህ ክር በጣም ሲወጠር ድምፁ ያምራል?" "አያምርም።" "በጣም ሲላላስ?" "አያምርም።" እንግዲህ ክሩን ቁረጠው አላለውም፣ ልጄ። ቃኘው ነው ያለው።

(አንዲት እናት ደግሞ "አምላክ ከሌላቸው፣ ሲጨንቃቸው ወዴት ነው የሚጮኹት?" ብለው ጠየቁ።)

እማማ፣ መጽሐፉ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ። ስሪላንካ ውስጥ ከቡድሃው ቤት አጠገብ የአማልክት ቤቶች አሉ፤ ቪሽኑ አለ፣ ካታራጋማ አለ። ሰዉ ሲቸግረው እዚያ ሄዶ ይሳላል፣ ሲሳካለት ስለቱን ያስገባል። ስለ ፍላጻው የነገረችኝ ያቺው ጓደኛዬ ቪዛዋ እንዲታደስ ለካታራጋማ ተስላ ነበር። ታደሰላት። "መነኩሴሽ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?" ብላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "መነኩሴው ምን አለበት፤ እሱ ቪዛ አያስፈልገውም!"